ኤልቦው ለምን ቀድሞ ይበሳል፦ የኮንደንሴትና የቦይለር ውሃ መታጠፊያዎችን መለካት፣ ማስላትና መቀየር

ቀጥ ያለው ቱቦ አሥር ዓመት አልፎት ደህና ቆሞ ሳለ፣ እዚያው መስመር ላይ ያለው ኤልቦ፣ ማለትም መታጠፊያው፣ በዓመት ተኩል ይበሳል። በያጅ ይጠራል፣ ቀዳዳው ላይ ላሜራ ይለጠፋል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ከልጣፉ አጠገብ ማፍሰስ ይጀምራል። «ዕቃው ጥራት የለውም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ዕቃው የሚወቀስበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኤልቦውን የሚበላው ውስጡ የሚያልፈው ውሃና የውሃው አካሄድ ነው፤ ስለዚህ የተሻለ ዕቃ ቢገባም የሚተርፈው ጥቂት ወር ነው።

እዚህ የምንይዘው ሐዋሳ ውስጥ በብዛት የሚገጥመውን ዓይነት ሥራ ነው፦ ከ6 እስከ 8 ባር የሚሠራ ቦይለር፣ ለካውያ፣ ለማጠቢያ ወይም ለማብሰያ የሚሄድ ስቲም (እንፋሎት)፣ ወደ ጋን የሚመለስ ኮንደንሴት (ሙቀቱን ሰጥቶ መልሶ ውሃ የሆነ ስቲም)፣ ከ1 እስከ 4 ኢንች የካርቦን ስቲል ቱቦ። አዳማም ከፍታዋ ተቀራራቢ ስለሆነ ከታች ያሉት የስሌት ቁጥሮች እዚያም ብዙ አይለወጡም።

ውሃው ሲታጠፍ ብረቱ ላይ የሚሆነው

ካርቦን ስቲል በሙቅ ውሃ ውስጥ ራሱን የሚከላከለው ማግኔታይት በሚባል ጥቁር ስስ ልባስ ነው። ልባሱ ከውሃው ጋር በተገናኘበት ገጽ በዝግታ ይሟሟል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ እየዛገ ይተካዋል። ውሃው ከቆመ ወይም ቀስ ካለ፣ ግድግዳውን የነካው ስስ የውሃ ሽፋን በሟሟ ብረት ይጠግብና መሟሟቱ ይገታል። ውሃው ሲፈጥንና ሲናወጥ ግን የጠገበው ውሃ እየተጠረገ ያልጠገበ ይተካል። ሻይ ውስጥ የገባ ስኳር ሳይማሰል ሥር ተኝቶ ይቆያል፤ ማንኪያው ሲዞር ወዲያው ያልቃል። ኤልቦ ማለት ሌት ተቀን የሚዞር ማንኪያ ነው።

ቱቦ ውስጥ ፈጣኑ ውሃ መሐል ላይ ነው ያለው። ኤልቦ ሲገጥመው ወደ ውጭው ጠርዝ ይገፋል። ይህን ጠርዝ «ጀርባ» እንበለው፤ የውስጠኛውን ደግሞ «ሆድ»። ከጀርባው የተገፋው ውሃ በግራና በቀኝ ጎን ተንሸራቶ ወደ ሆድ ይመለሳል፤ በዚህም ሁለት ጎን ለጎን የሚዞሩ ሽክርክሪቶች ይፈጠራሉ። መታጠፊያው አጭር ከሆነ ደግሞ ውሃው ሆዱ ላይ ከግድግዳው ይላቀቅና ከኋላው ሁከት ይተዋል። ዋናው ነገር፣ ሽክርክሪቱ ኤልቦው ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። ቀጥ ያለው ቱቦ ውስጥ ገብቶም ብዙ ርቀት ይከተላል። ለዚህ ነው ግድግዳው በጣም የሳሳበት ቦታ አንዳንዴ ከኤልቦው መውጫ ብየዳ ሁለት ጣት አልፎ የሚገኘው። ኤልቦውን ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ያለ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው።

ይህ መሟሟት በጣም የሚከፋው ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ፣ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) ከ9.2 በታች ሲሆንና ብረቱ ውስጥ ክሮሚየም ከሞላ ጎደል ከሌለ ነው። ኢኮኖማይዘር (ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የመጋቢ ውሃ በጭሱ ሙቀት ቀድሞ የሚያሞቅ ክፍል) ያለው ቦይለር ላይ ከኢኮኖማይዘሩ የሚወጣው የመጋቢ ውሃ ከዚህ ሙቀት ውስጥ ወይም ከአጠገቡ ስለሚውል እዚያ ያሉትን ኤልቦዎች አስቀድሙ። ኢኮኖማይዘር ከሌለ ሐሳባችሁን ኮንደንሴቱ ላይ አድርጉት።

ነገሩ የትንሽ ፋብሪካ ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 9 ቀን 1986 በአሜሪካ ቨርጂንያ፣ በሰሪ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ፣ የመጋቢ ውሃ ፓምፕ መምጠጫ ላይ ያለ ባለ 18 ኢንች ኤልቦ ድንገት ተቀዶ 4 ሠራተኞች ሞተዋል። በጃፓን ሚሃማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 9 ቀን 2004 ከኦሪፊስ (ፍሰት የሚለካበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሳህን) ቀጥሎ ያለ ቱቦ ፈንድቶ 5 ሰው ገድሏል፤ ሲሠራ 10 ሚ.ሜ የነበረው ግድግዳ 1.4 ሚ.ሜ ደርሶ ነበር፤ ያ ቦታ ለዓመታት ሳይለካ ቀርቷል። ሁለቱም ጋ ቱቦው ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም ነበር።

የወጣውን ኤልቦ ሰንጥቁት እንጂ አትጣሉት

የተበሳ ኤልቦ ምስክር ነው። በግራይንደር በርዝመቱ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ግማሽ ጀርባውን፣ ሌላው ሆዱን ይዞ እንዲቀር። ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ቀስት በቀለም አድርጉበት፤ ካልሆነ በኋላ ላይ የቱ መግቢያ የቱ መውጫ እንደሆነ መጨቃጨቅ ነው። በብረት ብሩሽ አትፈግፍጉት። በውሃ ብቻ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በባትሪ መብራት ከጎን አብሩበት፤ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል።

ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ወይም እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ውሃው ማግኔታይቱን እያሟሟ ወስዶታል ማለት ነው። አንዳንዴ ጉድጓዶቹ የፈረስ ኮቴ ይመስላሉ፤ ፈረሱም ሁልጊዜ የሚራመደው ውሃው ወደመጣበት አቅጣጫ ነው። ጀርባው ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር ካለ፣ ያለፈው ውሃ ብቻ ሳይሆን ስቲምና ጠብታ የተቀላቀለበት ነው።

አግድም በተዘረጋው ቱቦ ሥር ላይ፣ ውሃው በሚንፏቀቅበት መስመር፣ በመሮ የተቦረቦረ የሚመስል ንጹሕ ቦይ ካያችሁ ጥፋተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በጥርስ የተገጠመ መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ጥርሱ ነው፤ ጥርስ ሲወጣ ከግድግዳው ግማሽ ያህሉ ቀድሞ ተቆርጧልና።

ቀይ ቡናማ እብጠት፣ ሲፈነቀል ከሥሩ ጥቁር ዱቄትና ክብ ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ኦክስጅን ነው። ይህ ውሃ በቆመበትም ስለሚመጣ በኤልቦ አይወሰንም፤ ከመታጠፊያው ይልቅ ጋኑን ማየት ይሻላል። ጀርባው ብቻ ተጠርጎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ አሸዋ ወይም የብየዳ ፍርፋሪ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ቀጥሎ ባሉ ኤልቦዎች ላይ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱም ማጣሪያ እንጂ ኬሚካል አይደለም።

በአንድ ኤልቦ ላይ ሁለቱ ሦስቱ ተደርበው ሊገኙ ይችላሉ። አሲዳማ ኮንደንሴት ልባሱን ያለሰልሳል፣ የሚወረወር ጠብታ ይጠርገዋል። ሐዋሳ ላይ በብዛት የሚጠረጠረው ይኸኛው ጥንድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ እና ሶፍትነር

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ሰው ስለ ፍሎራይዱ ነው የሚያወራው፤ ቦይለር ያለው ሰው ግን ባይካርቦኔቱን ይፍራ። ቦይለር ውስጥ ሲሞቅ ባይካርቦኔት ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጋዙ ከስቲሙ ጋር ይሄዳል፣ ስቲሙ ውሃ ሲሆን ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤቹ 11 ሆኖ ሳለ የሚመለሰው ኮንደንሴት 5.5 የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

«ውሃችን እኮ ይታከማል፣ ሶፍትነር አለን» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ሶፍትነር ካልሲየምንና ማግኒዚየምን በሶዲየም ይተካል፤ ባይካርቦኔቱን ግን እንዳለ ያሳልፈዋል። ቦይለሩን ከቅርፊት አዳነ፣ ኮንደንሴት ቱቦውን ግን አልነካም።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ጠቅላላ አልካሊኒቲ የሚለውን ቁጥር፣ በካልሲየም ካርቦኔት የተሰላውን፣ ውሰዱና በ0.79 አባዙት። ለምሳሌ 200 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን 158 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመልቀቅ አቅም አለው። ይህ ለአዲሱ ውሃ ነው። ከኮንደንሴቱ 60 በመቶው ተመልሶ አዲሱ ውሃ 40 በመቶ ብቻ ከሆነ ወደ 63 ይወርዳል። ኮንደንሴት መመለስ ነዳጅ ከማዳኑ በላይ ቱቦውንም ያድናል፤ ኤልቦው ስለተበሳ ኮንደንሴቱን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ደግሞ የአዲሱን ውሃ ድርሻ ስለሚያሳድግ የቀሩትን ኤልቦዎች ያፋጥናቸዋል።

ፒኤቹን ስትለኩ አንድ ወጥመድ አለ። ከትኩስ ቧንቧ በባልዲ የተቀዳ ኮንደንሴት ጋዙ በእንፋሎቱ ይበተንና ሜትሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ያነባል። ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ቱቦው ውስጥ ግን 5.5 ነው። ስለዚህ 6 ሚ.ሜ የስቴንለስ ቱቦ ጠምዝዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ አሳልፉ፣ ከመጨረሻው ጫፍ የሚወጣው ከ25 ዲግሪ በታች መሆኑን አረጋግጡ። የቱቦውን ጫፍ ጠርሙሱ ሥር ድረስ ከታችሁ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ያህል ውሃ ሞልቶ ይፍሰስ፣ ወዲያው ክደኑ፣ ወዲያው ለኩ። ናሙናው ከቦይለሩ አጠገብ ካለ ትራፕ (ስቲሙን አግዶ ኮንደንሴቱን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ) ብቻ አይሁን፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ካለው ማሽንም ይምጣ።

ውሃ ብቻ መስሏችሁ የለካችሁት ቱቦ

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ብዙ የኮንደንሴት መስመር የተመረጠው «200 ሊትር ውሃ በሰዓት፣ 1 ኢንች ይበቃዋል» በሚል ስሌት ነው። 1 ኢንች ስኬጁል 40 (የግድግዳ ውፍረት ደረጃ) ቱቦ ውስጡ 26.6 ሚ.ሜ ነው፤ 200 ኪሎ ውሃ በሰዓት ሲያልፍበት ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.1 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ማንንም አያስፈራም።

ግን ከትራፑ በኋላ የሚያልፈው ውሃ ብቻ አይደለም። በ7 ባር ስቲሙም ኮንደንሴቱም 170 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 እና በ95 ዲግሪ መካከል ነው። 170 ዲግሪ የነበረው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅለት ወደዚያ መውረድ አለበት፤ ትርፉን ሙቀት የሚያወጣው ራሱን በከፊል መልሶ ስቲም በማድረግ ነው። ሒሳቡ ወደ 14 በመቶ ይመጣል። በዚህ ከፍታ ግፊት አንድ ኪሎ ስቲም 2 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ኮንደንሴት 290 ሊትር ገደማ ስቲምና ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ ሆኖ ነው ቱቦው ውስጥ የሚሄደው።

200 ኪሎ በሰዓት ማለት እንግዲህ 58 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው። በ1 ኢንች ቱቦ በሴኮንድ 29 ሜትር ይሆናል፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ጠብታ ኤልቦው ጀርባ ላይ ሲያርፍ እንደማለት ነው። ያው መጠን በ1½ ኢንች 12 ሜትር፣ በ2 ኢንች 7.4 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ከ15 ሜትር በታች ካደረሳችሁት ጥሩ ነው፤ ስለዚህ የዚህ መስመር ትክክለኛ ቱቦ 1½ ኢንች ነው። መስመሩ ላይ የኋላ ግፊት ካለ ስቲሙ ስለሚጠብ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የሚያፈስ ትራፕ ካለ ግን ከቦይለር የመጣ ስቲም ስለሚጨመርበት ይህ ሁሉ ሒሳብ ይፈርሳል። ኤልቦ ከመቀየራችሁ በፊት ከበላዩ ያለውን ትራፕ ፈትሹ የምንለው ለዚህ ነው።

የውጭ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ስትጠቀሙ ለባሕር ወለል የተሠራ መሆኑን አትርሱ። እዚያ አንድ ኪሎ ኮንደንሴት 220 ሊትር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ እኛ ጋ 30 በመቶ ያህል ይበልጣል። በሠንጠረዡ ልክ የሆነ ቱቦ ሐዋሳ ላይ አንድ ቁጥር ሊጠበው ይችላል።

ውፍረቱን እንዴት ትለካላችሁ

የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ክሪስታል ፕሮብ ያለው የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ነው፤ 5 ሜጋኸርዝ፣ ለ2 ኢንች ቱቦ የፕሮቡ ፊት ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ የሆነ። ትልቅ ፕሮብ ክብ ቱቦ ላይ ስለሚወዛወዝ ያሳስታል። የድምፁን ፍጥነት ለካርቦን ስቲል በሴኮንድ 5,920 ሜትር ላይ አድርጉና በደረጃ ብሎክ አረጋግጡ፤ ቢያንስ አንዱ ደረጃ 2 ሚ.ሜ አካባቢ ይሁን።

መስመሩ ቆሞ ከ50 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መለካት ይሻላል። ትኩስ ብረት ላይ ድምፁ ስለሚዘገይ በየ55 ዲግሪው 1 በመቶ ያህል አወፍሮ ያነባል፤ ተራ ፕሮብም ይቃጠላል። ኢንሱሌሽኑን አንሱ፣ ቀለሙንና ዝገቱን የ5 ሳንቲም ስፋት ያህል በሸራ ወረቀት አስለቅቁ። ቀለም ላይ ከለካችሁ ቁጥሩ ያብጣል። የአልትራሳውንድ ጄል ከሌለ ለቀዘቀዘ ቱቦ የመኪና ግሪስ ይሠራል።

ለ2 ኢንች ኤልቦ አምስት ቀለበት በማርከር አስምሩ፦ መግቢያው፣ መሐሉ፣ መውጫው፣ ከመውጫ ብየዳው 6 ሳንቲም አልፎ፣ 12 ሳንቲም አልፎ። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አራት ነጥብ፦ ጀርባ፣ ሆድ፣ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን። በድምሩ 20 ነጥብ ነው፤ ለ4 ኢንች ነጥቦቹን በቀለበት 8 አድርጉ። ግራና ቀኝ የሚባለው ውሃው ወደሚሄድበት ፊታችሁን አዙራችሁ መሆኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚለካው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የፕሮቡን ፊት ለሁለት የሚከፍለው መስመር ከቱቦው ርዝመት ጋር መስቀል ሠርቶ ይቁም። ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ እያጋደላችሁ ትንሹን ቁጥር መዝግቡ። ከሁሉ ያነሰው ነጥብ ላይ ስትደርሱ ዙሪያውን በ1 ሳንቲም ርቀት ደግማችሁ ፈልጉ፤ ከሱም የባሰ ሊኖር ይችላል።

በጣም የሚያታልለው ይህ ነው፦ ግድግዳው ከ1.2 ሚ.ሜ ሲያንስ ብዙ መለኪያ ሁለተኛውን ነጸብራቅ ይይዝና እጥፉን ያነባል። 1.1 የነበረው 2.2 ሆኖ ይታያል። ቀለበቱ ላይ 3.0፣ 2.4፣ 1.8 እያለ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት 2.3 ካለ «ተሻለ» አትበሉ፤ አደገኛው ቦታ እሱ ነው። መዶሻ ይዞ ማንኳኳት ደግሞ ግፊት ባለበት መስመር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ሳስቶ የቆየ ኤልቦ በዚያች ምት ሊከፈት ይችላል፤ የሚወጣውም 170 ዲግሪ ነው።

አዲስ ኤልቦንም ከመግጠማችሁ በፊት ለኩት። ስኬጁል 40 የሆነ 2 ኢንች ቱቦ በወረቀት 3.91 ሚ.ሜ ነው፤ ነገር ግን የማምረቻ ደንቡ 12.5 በመቶ ጉድለት ስለሚፈቅድ 3.42 ሆኖም ጤነኛ ነው። በማሽን የታጠፈ ቱቦም ጀርባው ተስቦ ስለሚሳሳ ገና በአዲስነቱ ከሆዱ ያንሳል። መነሻውን ያልያዘ ሰው በኋላ የተበላውንና ሲሠራ የሳሳውን አይለይም።

ቁጥሩ ምን ይላል

የመጀመሪያው ልኬት 3.9፣ ከ14 ወር በኋላ እዚያው ነጥብ 3.1 ቢሆን፣ 0.8 ሚ.ሜ በ14 ወር ማለት በወር 0.057 ነው። መቀየሪያ ድንበራችሁ 2.0 ከሆነ የቀረው 1.1 ሚ.ሜ ነው፤ ሲካፈል 19 ወር። ያን ሁሉ መጠበቅ ግን አይቻልም። ግማሹን ውሰዱና በ9ኛው ወር ድጋሚ ለኩ፤ ፍጥነቱ ባለበት ላይቆይ ይችላልና።

ድንበሩ 2.0 የሆነው በግፊት ስሌት አይደለም። 7 ባር ብቻውን ቢታሰብ 2 ኢንች ቱቦ ከ0.2 ሚ.ሜ ያነሰ ግድግዳ ይበቃዋል ይላል ሒሳቡ፤ በዚህ ሒሳብ የተማመነ ሰው ይቃጠላል። ቱቦው የራሱን ክብደት፣ የውሃ ምትን፣ የፓምፕ ንዝረትን፣ አንዳንዴም መሰላል የሚያስደግፍበትን ሰው ይሸከማል። ለ2 ኢንች 2.5 ሲደርስ ዕቃ እዘዙ፣ 2.0 ሳይደርስ ቀይሩ፤ ለ4 ኢንች 3.0 እና 2.3 አድርጉት።

ሲቀየር

ቫልቮቹን ዝጉ፣ በሰንሰለትና በቁልፍ እሰሩ፣ አፍስሱ፣ ማፍሰሻውን ክፍት ተዉት። የኮንደንሴት መስመር ከሌላ ማሽን ተመልሶ ስለሚሞላ አንዱን ጫፍ ብቻ መዝጋት አይበቃም።

ኤልቦውን ብቻ አትቁረጡ። ከመውጫው በኋላ ያለውን ቱቦ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ዲያሜትር ያህል፣ ለ2 ኢንች 20 ሳንቲም፣ አብራችሁ አውጡ። አዲሱ ኤልቦ ረጅም ራዲየስ ይሁን፤ የ2 ኢንቹ ከመሐል እስከ ጫፍ 76 ሚ.ሜ ነው፣ አጭሩ 51። ሱቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚመሳሰሉ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቱቦ በሰያፍ ቆርጦ በመበየድ የተሠራ መታጠፊያ ለአጥር ይሁን እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ስለታም ጠርዝ ራሱ ሁከት ፈጣሪ ነው።

ጫፎቹን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አሹሉ፣ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ክፍተት ተዉ፣ የውስጡን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ። ውስጥ ለውስጥ ያለው መበላለጥ ከ1.5 ሚ.ሜ አይብለጥ። ሥሩ በቲግ ወይም በ2.5 ሚ.ሜ 6010 ኤሌክትሮድ ቢሠራ፣ መሸፈኛው በ7018፣ ጥሩ ነው። ብየዳው ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀረ ጉብታ ካለ ልክ እንደ ድንጋይ በወንዝ ውስጥ ነው፤ ከኋላው ይቆፍራል። የሚቀጥለው ቀዳዳ ከብየዳው ሥር ቀጥሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ጥሩ በያጅ ውስጡን በጣቱ ዳብሶ ነው የሚዘጋው።

ሲያልቅ አየሩን ከላይ አስወጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ 1.5 እጥፍ፣ ለ7 ባር 10.5 ባር፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያዙት። ትራፕና ጌጅ ከዚያ በፊት ይለዩ፤ ፍላንጅ የተፈታበት ጓርኒሲዮን ደግሞ አይመለስ፣ በአዲስ ይተካ።

ስቴንለስ 304ኤል ኤልቦ መግጠም ይቻላል፤ ከካርቦን ስቲሉ ጋር በ309ኤል ይበየዳል፣ ኤልቦውም አይበላም። ግን ችግሩ ይሰደዳል፦ ከስቴንለሱ የሚወጣው ውሃ ብረት ስላልጠገበ ቀጥሎ ያለውን ካርቦን ስቲል ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ ይጀምረዋል። ስለዚህ ከኤልቦው በኋላ ግማሽ ሜትር ያህል አብሮ ስቴንለስ ይሁን። 1.25 በመቶ ክሮሚየም ያለው ቅይጥ ብረትም የማግኔታይት መሟሟትን ለመቋቋም በጣም ጥሩ ነው፤ ብየዳው ቀድሞ ማሞቅና የራሱን ኤሌክትሮድ ስለሚፈልግ ለኢኮኖማይዘር መስመር ካልሆነ አንመክረውም። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ለኮንደንሴት አትግዙ፤ ዚንኩ አሲዳማ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይቆይም፣ ገንዘቡ ብቻ ይሄዳል።

ቦታ ካለ ሁለት ኤልቦ ጎን ለጎን አታጋጥሙ፤ በመካከላቸው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ዲያሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ይኑር። ከመቆጣጠሪያ ቫልቭ ወይም ከትራፕ ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣ ኤልቦም ቀድሞ ይሄዳል፤ እንዲያውም ከዝርዝራችሁ መጀመሪያ የሚለካው እሱ ይሁን። አግድም መስመሩ ወደ ጋኑ በ1 ሜትር 1 ሳንቲም ይውረድ።

ውሃውን ማስተካከል

የኮንደንሴቱን ፒኤች ከ8.5 እስከ 9.0 ለማድረስ አሲዱን ገለልተኛ የሚያደርጉ፣ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ሞርፎሊን ቶሎ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ ቅርብ ላለው ቱቦ ይሆናል፤ ሳይክሎሄክሲላሚን ከስቲሙ ጋር ርቆ ይሄዳል። ረጅም መስመር ሁለቱን ቀላቅሎ ይጠቀማል። ነገር ግን ለ1 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2 ሚሊግራም ገደማ አሚን ያስፈልጋል፤ ከላይ ላሰላነው 63 ከ120 በላይ ማለት ነው። ይህን በየወሩ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባይካርቦኔቱ ይቀነስ፣ በአርኦ (ውሃውን በስስ ማጣሪያ ገፍቶ ጨውን የሚያስቀር) ወይም በዲአልካላይዘር (ባይካርቦኔቱን የሚያወጣ ማከሚያ)፤ አሚኑ ለቀሪው ብቻ ይሁን። ስቲሙ ምግብ፣ ወተት ወይም መጠጥ የሚነካ ከሆነ አሚን የሚገባው በምግብ ደንቡ የተፈቀደው ዓይነትና መጠን ሲሆን ብቻ ነው፤ ለወተት ሁለቱም አይሆኑም።

የመጋቢ ጋኑን ከ85 እስከ 90 ዲግሪ አቆዩት፤ ኦክስጅኑ አብዛኛው ይወጣል። በዚህ ከፍታ ከ90 በላይ መግፋት ፓምፑ መምጠጫ ላይ ውሃው እንዲፈላ ያደርጋል፤ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ጋኑን ከፍ አድርጎ መስቀል ወይም የመምጠጫ ቱቦውን ማስፋት ነው ያለው። የቀረውን ኦክስጅን ሶዲየም ሰልፋይት ይይዘዋል፤ ቦይለሩ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ይበቃል። ጨምሮ መጨመር ቱቦ አያድንም፤ ጨውን ያበዛና ብሎውዳውኑን (ጨው የበዛበትን የቦይለር ውሃ መልቀቅን) ያስረዝማል።

ለውጡ መሥራቱን ለማየት ዓመት አትጠብቁ። በየሳምንቱ 1 ሊትር የቀዘቀዘ ኮንደንሴት በነጭ ማጣሪያ ወረቀት አሳልፉ፣ ወረቀቱን አድርቃችሁ ቀን ጽፋችሁ ደብተር ላይ ለጥፉ። ጥቁር እድፍ ማግኔታይት ነው፣ ቀዩ ኦክስጅን የነካው። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ማሽኖቹ ከተነሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀዳ፤ ጠዋት ሲነሳ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ ሌሊቱን የተኛውን ዝገት ስለሚያመጣ ሁሌም ይጠቁራል። የተቀየረው ኤልቦ በሦስተኛው ወር ሃያዎቹ ነጥቦች ላይ ይለካ፤ ወረቀቱ እየነጣ መጥቶ ቁጥሩ ግን ከ0.1 ሚ.ሜ በላይ ከወረደ፣ ወደ ትራፑና ወደ ቱቦው ስፋት ተመለሱ።